«ስቶፕ» ማለት ማቆም ነው ወይስ መድፈን? ተማሪዬ ጠይቆኝ አጥጋቢ መልስ አጣሁ

የደሴዋ መምህርት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ውስጥ 8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ማክሰኞ ዕለት አንድ ተማሪ የጠየቀኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ልጆቹ ከቤተ ሙከራ ወጥተው ነው ወደ እኔ የገቡት። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ አለ። ለወትሮው እጁን አያወጣም፤ የዛን ቀን አወጣ። «ቲቸር፣ የሳይንስ መምህራችን የጠርሙሱን የላስቲክ ቡሽ ስቶፐር ነው አሉን። እርስዎ ስቶፕ ማለት ማቆም ነው ብለውናል። ቡሹ ምኑን ነው የሚያቆመው?» አለኝ።

እኔም ፈጠን ብዬ «እንዳይፈስ ስለሚያቆም ነዋ» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ ግን «ታዲያ የድስት ክዳንስ ለምን ስቶፐር አይባልም? እሱም እኮ እንዳይፈስ ያደርጋል» አለ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አጣርቼ እመጣለሁ» ብዬ አለፍኩ። እውነቴን ነው፣ ደስም አለኝ፣ ጨነቀኝም። ዝም ብሎ የኖረ ልጅ አፉን የከፈተበት ቀን መልስ ማጣት ያሳዝናል።

ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። አንዱ ቃል ስንት ነገር ተሸክሟል! አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ ስቶፕ ነው። አፍንጫ ሲታፈንም ስቶፕድ አፕ ይባላል። አራት ነጥባችንን እነሱ ፉል ስቶፕ ይሉታል። ጆሮን በጣት መድፈንም ስቶፕ ነው። የቱ ነው የፊተኛው? ከየትስ መጣ? አርብ ከልጆቹ ጋር እገናኛለሁ። የምታውቁ እባካችሁ።

ሌላም አለ። «ስቶፕድ ኢቲንግ» እና «ስቶፕድ ቱ ኢት» ሁልጊዜ ይምታታባቸዋል። ቀላል ማስረጃ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ተርጓሚው፣ ፍራንክፈርት፦

እህቴ፣ ልጁን ከልቤ አደነቅኩት። ሥሩን ነው የነካው። መድፈን ይቀድማል። ማቆም በኋላ የመጣ ነው።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ የሚገኘው «ፎርስቶፒያን» በሚል ግስ ውስጥ ነው። ትርጉሙ መድፈን፣ መወተፍ ነው። ከሚሄድ ሰው ወይም ከሚሄድ ጋሪ ጋር ነገር የለውም። ከዚያ ወደ ኋላ ሲኬድ ብዙዎቹ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ላቲን ላይ ያደርሱታል፤ «ስቱፓ» ወደሚል ቃል። ላቲኑም ከግሪክ የወሰደው ነው። ቃሉ የጀርመን ሕዝቦች የራሳቸው ነው፣ ከላቲን አልመጣም የሚሉ ምሁራንም አሉ። ቅርጹም ትርጉሙም አንድ ላይ ስለሚገጥም እኔን የላቲኑ ያሳምነኛል።

ስቱፓ ምንድን ነው? ተልባን ታውቂዋለሽ፤ ወሎ ነሽና ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። እኛ የምንዘራው ለፍሬው ነው። በአውሮፓ ደግሞ ከግንዱ ቃጫ እያወጡ ጨርቅ ይሠሩበት ነበር። መጽሐፍ ቅዱሳችን «የተልባ እግር» የሚለው ጨርቅ እሱ ነው። ቃጫው ሲበጠር ረጅሙና ለስላሳው ለፈትል ይሄዳል። አጭሩ፣ ሸካራው፣ የተንጨፈረረው ይቀራል። ስቱፓ ይሄ ቀሪው ነው። ለልብስ አይሆንም። ግን አይጣልም። የመርከብ ሳንቃ ስንጥቅ ይወተፍበታል፤ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈንበታል። ከዚያ «ስቱፓሬ» የሚል ግስ ወጣ፤ በዚህ ቃጫ መወተፍ ማለት ነው።

ቀዳዳ ሲደፈን የሚፈሰው ይቆማል። እንግሊዝኛ ቃሉን ከቀዳዳው አንስቶ ወደ ፍሰቱ አሻገረው፤ ከፍሰቱ ደግሞ ወደሚሄድ ነገር ሁሉ። ይሄ የሆነው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። ዝላዩን ያደረገው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቋንቋዎች «ቁም» የሚለውን ትርጉም በኋላ ከእሱ ነው የተዋሱት። ጀርመኖች ዛሬ መኪና ሲያቆሙ «ሽቶፐን» ይላሉ። የራሳቸው የድሮው ቃል ግን «ሽቶፕፈን» ነው። እሱ እስከ ዛሬ መጠቅጠቅ፣ መወተፍ፣ የካልሲ ቀዳዳ መጣፍ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። እዚህ እንደመጣሁ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። አንድ ምሽት መስኮት ሥር ተቀምጠው የሱፍ ካልሲ ይዘዋል። ካልሲው ውስጥ እንጉዳይ የሚመስል የእንጨት ነገር አስገብተው ቀዳዳውን እንጉዳዩ አናት ላይ ወጥረውታል። በመርፌ አንዴ በቁም፣ አንዴ በአግድም ክር ያመላልሳሉ። ልክ እንደ ሸማኔ። ቀዳዳው ጠብቦ ጠብቦ ጠፋ። ምን እየሠሩ ነው ብላቸው «ሽቶፕፈን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስቶፕ የሚለውን ቃል ባየሁ ቁጥር ያ ካልሲ ነው የሚታየኝ።

ለተማሪሽ መልሱ እንግዲህ ይኸው። ክዳን ከላይ ይከደናል። ስቶፐር ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። በእኛ ቋንቋ ውታፍ ነው። ወተፈ፣ ውታፍ፤ ስቶፕ፣ ስቶፐር። «ማቆሚያ» ብሎ ከመተርጎም «ውታፍ» ብትይው ልጁ ወዲያው ይገባዋል።

ሊድስ ያለሁት፦

ይሄን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ፤ እኔንም ይሄ ቃል አንድ ጊዜ አስለቅሶኛልና።

ሰሜን እንግሊዝ ሊድስ ነው ያለሁት። አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። በመጀመሪያው ወር አንዲት እናት ነበሩኝ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከሰዓት አልጋቸውን አንጥፌ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ ኮቴን ስለብስ «አር ዩ ስቶፒንግ ፎር ቲ?» አሉኝ። እኔ የገባኝ «ለሻይ ብለሽ ሥራ ልታቆሚ ነው?» የሚል ነው። ሰነፍ ያሉኝ መሰለኝ። «ኖ፣ አይ ኔቨር ስቶፕ» አልኳቸው፤ ታታሪ ነኝ ለማለት። ፊታቸው ጥቁር አለ። ምንም አላሉም፤ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ምን አጠፋሁ እያልኩ ሄድኩ።

በማግስቱ ልጃቸው ነገረችኝ። በእነሱ አካባቢ «ስቶፕ» ማለት መቆየት፣ ማደርም ነው። «ቲ» ደግሞ ሻይ ብቻ አይደለም፤ የማታ ምግብ ነው። ለካ እራት አብረሽኝ ትበያለሽ ወይ ነው ያሉኝ! ሁለት ሳህን አውጥተው ነበር። እኔ «በፍጹም አልቆይም» ብዬ ወጣሁ። አስቡት፤ አገሬ ላይ አንዲት እናት ገበታ አቅርባ እንዲህ ብዬ ብወጣ!

ስለዚህ መምህርት፣ ለልጆቹ ይሄንንም ንገሪያቸው። አንድ ቀን ወደዚህ የሚመጣ አይጠፋም።

የደሴዋ መምህርት፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ውታፍ! እናቴ ቤት የወተት ቅል አለ፤ አፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወተፋል። እኔ ልጅ ሆኜ «ውታፉን አምጪ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሆኖም ክፍል ስገባ ቃሉ ከአፌ ጠፍቶ «ማቆሚያ» እላለሁ።

እህቴ የሊድሷ፣ ሴትዮዋ በኋላ ይቅር አሉሽ? ስለ እሳቸው ጨርሰሽ አልነገርሽንም።

ተርጓሚው ወንድሜ፣ ፉል ስቶፕስ? እሱም ከቀዳዳ ነው?

ተርጓሚው፣ ፍራንክፈርት፦

አይደለም፤ እሱ ማቆም የሚለው ትርጉም ከመጣ በኋላ ነው። አንባቢ ድምፁን የሚያሳርፍበት ቦታ ስቶፕ ተባለ። ሙሉ ማረፊያው ፉል ስቶፕ ሆነ። አሜሪካኖች «ፒርየድ» ነው የሚሉት። ድሮ በቴሌግራም ዘመን ነጥቡ እንዳይጠፋና መልእክቱ እንዳይዛባ «ስቶፕ» ብለው ቃሉን ራሱን ይጽፉት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደራዊ መልእክት በጣም ተለመደ።

የቧንቧ ሰው፣ አዲስ አበባ፦

ልጆቼ፣ እኔ እንግሊዝኛ ብዙም አላውቅም። የጣሊያን ቃል ግን ከሥራዬ የተነሳ አውቃለሁ። 34 ዓመት ቧንቧ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ተርጓሚው ስለ ቃጫ ሲያወራ ዝም ማለት አቃተኝ።

ያስተማሩኝ ሰው ከጣሊያኖች ጋር ሠርተው ያደጉ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው ለቧንቧ መጋጠሚያ የምንጠመጥመውን ቃጫ «ስቶፓ» ነበር የሚሉት። እኔ የሱቅ ስም ይመስለኝ ነበር! ዛሬ እናንተ ስትሉ ገና ገባኝ።

ዛሬ ልጆቹ ነጩን ቴፍሎን ነው የሚወዱት። ለቀጭን ነገር ጥሩ ነው። ለወፍራም የብረት ቧንቧ ግን እኔ እስከ ዛሬ ቃጫ ነኝ። አሠራሩን ልንገራችሁ። ከቃጫው ትንሽ ትመዛለህ። በጣትህ ታበጥረዋለህ፤ እንዳይጓጎል። የቧንቧውን ጥርስ ታጸዳለህ። ከዚያ ከጫፉ ጀምረህ መጋጠሚያው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ትጠመጥማለህ፤ ቃጫው ጥርሱ ውስጥ ገብቶ እንዲተኛ። ላዩን ቀለም ወይም ማጣበቂያ ትቀባዋለህ። ከዚያ በመፍቻ ታጠብቃለህ። ውሃ ሲለቀቅ መጀመሪያ ትንሽ ያልበዋል። አትደንግጥ። ቃጫው ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲያብጥ ቀዳዳውን ይሞላዋል። ውሃው ራሱ ነው መንገዱን የሚዘጋው። ይሄ ነገር ከ34 ዓመት በኋላም ይገርመኛል።

አቅጣጫውን ከሳትክ ግን አለቀልህ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አያት አካባቢ አንድ አዲስ ቤት ገጠምኩ። ቸኩዬ በተቃራኒ ጠመጠምኩት። ሳጠብቅ ቃጫው ተገፍቶ ወጥቷል፤ እኔ አላየሁም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ጣራው ማንጠባጠብ ጀመረ። ባለቤቲቱ ሕፃን ታቅፋ፣ ሳፋ ደርድራ አገኘኋት። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እስኪነጋ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ለቅቄ ግማሽ ሰዓት ሳልጠብቅ ከማንም ቤት ወጥቼ አላውቅም።

መምህርት ልጄ፣ ደሴ ገበያ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሂጂና ትንሽ ቃጫ ግዢ። ለልጆቹ አሳዪያቸው፤ በእጃቸው ይንኩት።

ፎቶ አንሺው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

አጭር ነገር ልጨምር። እኛ ፎቶ አንሺዎች ብርሃን የምንለካው በስቶፕ ነው። ሠርግ ላይ ረዳቴን «አንድ ስቶፕ ክፈት» ስለው፣ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሁን ማለቴ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ 5.6 የነበረው 4 ይሆናል፤ ከ4 ወደ 2.8 ደግሞ ሌላ እጥፍ። ለምን ስቶፕ እንደተባለ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ከእናንተ ጨዋታ ጋር አንድ ነው። በድሮ ካሜራ ሌንሱ ላይ መሐሉ የተበሳ ሰሌዳ ይገባ ነበር። ሰሌዳው ብርሃኑን ይጋርዳል፤ በቀዳዳው የሚያልፈው ብቻ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1858 ጆን ዋተርሃውስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዳዳቸው የተለያየ የነሐስ ሰሌዳዎች እየቀያየሩ ማስገባት የሚቻልበትን ዘዴ አቀረበ። ጋራጁ ሰሌዳ ነው ስቶፕ የተባለው። ዛሬ ሰሌዳው የለም፤ ስሙ ቁጥር ሆኖ ቀረ።

የናታንያ ልጅ፣ እስራኤል፦

መምህርት፣ የ«ስቶፕድ ቱ ኢት»ን ነገር እኔ ልሞክር። አማርኛችን ራሱ ይለየዋል። «ለመብላት ቆመ» እና «መብላት አቆመ»። «ቱ ኢት» ሲሆን ቆመ፤ «ኢቲንግ» ሲሆን አቆመ። አንዲት «አ» ናት ልዩነቷ። እኔ ሁለቱን ያስታወስኩት በዚህ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት በዕብራይስጥ በኩል ነው፤ ግን በልቤ ያለው የእናቴ አማርኛ ነው የረዳኝ።

ስለ «ቁም» ደግሞ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የእኛ ቃል ከቀዳዳ አልመጣም፤ ከእግር ነው የመጣው። ቆመ ማለት በእግሩ ተተከለ ነው። ከግዕዝ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ዕብራይስጥም ይሄው ሥር አለው፤ እነሱ «ኩም» ይላሉ። ግን በእነሱ ዘንድ «ተነሥ» ማለት ነው።

በሰሎሞን ዘመቻ ጊዜ ነው የመጣነው፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1991። ስድስት ዓመቴ ነበር። ያረፍንበት ማዕከል ውስጥ ጠዋት ጠዋት አንዲት አስተናጋጅ በር እያንኳኳች «ኩም! ኩም!» ትለናለች፤ ለቁርስ ተነሡ ለማለት። እናቴ «ቁሙ ተብላችኋል» ብላ እኔንና ወንድሜን በር ላይ ታቆመናለች። ቀጥ ብለን፣ እጃችንን አጣምረን። ሴትዮዋ ትስቃለች፤ እኛ አንንቀሳቀስም። ብዙ ቀን እንዲህ ሆነ። እናቴ አሁንም ስታስታውሰው አይኗ እንባ ያቀርራል፤ ልጆቿ ያጠፉ መስሏት ነበርና።

አገር ቤት የመንገዱ ቀይ ምልክት ላይ «ቁም» ተብሎ ይጻፋል አይደል? እዚህ ምልክቱ ላይ ጽሑፍ የለም። የተዘረጋ እጅ ብቻ ነው። እናቴ ማንበብ ሳትችል ወዲያው የገባት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ስለ መድፈንም አለኝ። ዘፍጥረት 26 ላይ ፍልስጥኤማውያን የአብርሃምን ጉድጓዶች ሲደፍኑ፣ የድሮው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ስቶፕድ» ነው የሚለው። አማርኛው ደግሞ «ደፈኑ» ነው። ለልጆቹ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ጉድጓድ አይሮጥ፣ አይሄድ፤ ምኑ ይቆማል? የዕብራይስጡ ግስ «ሳታም» ነው። ዛሬ ናታንያ ላይ የመታጠቢያ ቤት ቱቦ ሲዘጋ «ስቲማ» የምንለው ከእሱ ነው። የጥርስ ሐኪም ጥርስ ሲሞላልንም «ስቲማ» ነው። በድምፅ ከስቶፕ ጋር ቢቀራረብም ዝምድና የላቸውም።

የደሴዋ መምህርት፦

አርብ ሆነ፤ ተምረን ወጣን።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ቃጫ ገዛሁ። ሻጩ «የት ነው የሚፈሰው?» አለኝ፤ ለክፍል ነው ብለው ግራ ገባው። ክፍል ውስጥ ለየልጁ ትንሽ ትንሽ ሰጠሁ። ከሳይንስ መምህሩ አንድ ጠርሙስ ተውሼ፣ «በቃጫው ስቶፕ አድርጉት» አልኳቸው። እየተጋፉ ወተፉት። ጠርሙሱን ገለበጥነው። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ መጣ። ዝምተኛው ልጅ ጠርሙሱ ሥር ተንበርክኮ ጠብታውን ይቆጥር ነበር። «ቲቸር፣ ቆመ!» ብሎ ጮኸ። በአማርኛ ነው የጮኸው። ከዚያ በራሱ ጊዜ «ኢት ስቶፕድ፣ ቢኮዝ ዊ ስቶፕድ ኢት» አለ፤ ስለወተፍነው ቆመ ማለቱ ነው። ሁለቱን ትርጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር! ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ እስከ ሰኞ እንዳይጠፋ ጽዳቶቹን ለምኛለሁ።

የናታንያው ወንድሜ፣ ቆመና አቆመን እንዳልከው ነው ያስተማርኩት። ከ52 ልጅ ሦስት ብቻ ሳቱ። እናትህን ሰላም በልልኝ።

የፉል ስቶፑና የፎቶው ነገር ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆየኝ። የሊድሷ እህቴ ግን ጠፋሽ።

ሊድስ ያለሁት፦

አልጠፋሁም፤ የሌሊት ተራ ላይ ነበርኩ።

ሴትዮዋ ይቅር ብለውኛል። በሳምንቱ እንደገና ጠየቁኝ፤ «የስ፣ አይም ስቶፒንግ» አልኳቸው። ዛሬ አራተኛ ዓመታችን ነው። ሐሙስ ሐሙስ አብሬያቸው እበላለሁ።

ትናንት ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። ቃጫውን፣ ተልባውን፣ የካልሲውን እንጉዳይ። እሳቸውም ልጅ ሆነው እንዲያ ዓይነት የእንጨት እንጉዳይ እናታቸው ነበራት። ስለ ናታንያው የጥርስ «ስቲማ» ስነግራቸው ሹካቸውን አስቀመጡ። በእሳቸው ልጅነት ጥርስ ሲሞላ «ስቶፒንግ» ነበር የሚባለው። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ በጣታቸው ከላይ በስተቀኝ ያለውን መንጋጋ አሳዩኝ። ጥቁር ነጥብ አለችበት። አሥር ዓመት ሳይሞላቸው የተወተፈች ናት፤ እስከ ዛሬ አልወለቀችም።